ሙዚቀኛ የሌለው ሙዚቃ በካሜራ ፊት

ሙዚቃ ሲነሣ ሙዚቀኛ አብሮ ይነሣል። በገና ሲባል ደርዳሪው፣ መሰንቆ ሲባል አዝማሪው፣ እምቢልታ ሲባል ነፊው ከመሣሪያው ተለይቶ በዓይነ ኅሊና አይታይም። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ የእጁንና የአእምሮውን ጥበብ በብረትና በእንጨት ላይ አሳርፎ፣ ሙዚቀኛው ከሄደ በኋላም ሙዚቃው እንዳይሄድ ያደረገባቸው መሣሪያዎች አሉ። በሞላ የሚሽከረከሩ የሙዚቃ ሣጥኖች፣ እጀታቸው ሲዞር የሚዘምሩ የጎዳና ኦርጋኖች፣ በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል የሚመሩ ፒያኖዎች የዚህ ወገን ናቸው። ሣጥኖቹና የጎዳና ኦርጋኖቹ የተወለዱትና የጎለመሱት በአውሮፓ ነው፤ ዛሬም ብዙዎቹ የሚገኙት በዚያው ባሉ ሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች ቤት ነው። ከእነርሱ ጋር የሚተዋወቀው የዓለም ሕዝብ ግን በአብዛኛው በሙዚየም በር ሳይሆን በኢንተርኔት ቪዲዮ በኩል የሚገባ ነው።

ይህ ጸሐፊ እንዲህ ያሉትን ቪዲዮዎች ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። ምክንያቱም ሙያዊ ነው። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ተዋናይ የሌለበት መድረክ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ የሚናገረው ማነው? የሚናገረውስ የማንን ቃል ነው? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከብዙ መመልከት በኋላ የተገነዘብነው፣ ከቪዲዮዎቹ የሚበዙት መሣሪያውን ከማሳየት ይልቅ የሚሸፍኑት መሆናቸውን ነው። አንዱ የተወለወለውን ክዳንና በላዩ የተለበጠውን የአበባ ጌጥ ሲያሳይ ዜማው ያልቅበታል። ሌላው በየሦስት ሴኮንዱ ሥዕሉን እየቆራረጠ ዓይንን ያደክማል። ሌላው ደግሞ፣ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው፣ የመሣሪያውን ድምፅ አውጥቶ ይጥልና በምትኩ በስቱዲዮ የተጣራ ድምፅ ይለጥፍበታል። እንግዲህ ሣጥኑ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

ይህ ለምን ከባድ ጥፋት እንደሆነ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1796 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንቷን ፋቭር የተባለ የጄኔቭ ሰዓት ሠሪ፣ ደወልና መዶሻ ሳያስፈልግ የተቃኙ ስስ የብረት ምላሶችን በመንካት ብቻ ዜማ ማሰማት እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በጄኔቭና በዩራ ተራሮች ባለችው በሴንት ክርዋ ብዙ እጅ የሚሠማራበት ሙያ በቀለ። ከሣጥኑ ውስጥ የናስ ሲሊንደር ይጋደማል፤ በገላውም ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ በሺህ የሚቆጠሩ የብረት እሾሆች ተተክለዋል። ከሲሊንደሩ ፊት ሚዶ የሚመስል ብረት ተዘርግቷል፤ እያንዳንዱ የሚዶ ጥርስ ለአንድ ድምፅ የተቃኘ ነው። ሞላው ሲሊንደሩን ሲያዞር እሾሁ ጥርሱን በጥቂቱ ያነሣና ይለቀዋል፤ ጥርሱም ይርገበገባል። ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት ጥርሶች ከበታቻቸው የእርሳስ ክብደት ተጣብቆባቸዋል። ጥርሱ ገና እየተርገበገበ ሳለ ሌላ እሾህ ቢነካው ሲጢጥ ስለሚል፣ ከሥሩ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ቀድሞ ደርሶ ንዝረቱን ያፍነዋል። ለቀጫጭኖቹ ጥርሶች ሽቦው ስለሚከብዳቸው የዶሮ ላባ ቅንጣት የተደረገላቸው ሣጥኖች አሉ። (ከዚያ ሁሉ የብረት ጥበብ መካከል የዶሮ ላባ መገኘቱ ይህን ጸሐፊ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘዋል።) አንዱ ዜማ ሲያበቃ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ለጥቂት ሸርተት ይላል፤ ያን ጊዜ ሌሎች እሾሆች ከጥርሶቹ ትይዩ ይመጣሉ፤ ሌላ ዜማ ይጀመራል።

ይህ ሁሉ የሚገዛው በአንዲት ትንሽ ማራገቢያ ነው። በሣጥኑ ጥግ በፍጥነት የምትሽከረከር፣ አየሩን እየገፋች የሞላውን ጉልበት የምትገታ ናት። ሞላው እንደ ተሞላ እርሷ ብትሰበር ወይም ያላወቀ ሰው ቢፈታት ሲሊንደሩ ልጓም እንደ በጠሰ ፈረስ ይጋልባል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እሾሁ ይታጨዳል፣ ጥርሱ ይረግፋል። የመቶ ሃምሳ ዓመት ሥራ ያልቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሣጥን ለካሜራ ብሎ ማጫወት ዋዛ አይደለም። ጥሩ ያልሆነ ቀረጻ ሲደጋገም መሣሪያው የሚከፍለው ከዕድሜው ነው።

ፎኖግራፍ የሙዚቃ ሣጥንን ገበያ ገደለው ይባላል፤ እውነትም ነው። ፎኖግራፍ ወደ አገራችን የደረሰውም በዚያው ዘመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በድምፅ ሲሊንደር ልካለች። ሁለቱም ሲሊንደር ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው ልዩነት መታሰብ ይገባዋል። የፎኖግራፉ ሲሊንደር አንድ ቀን የተሰማውን ድምፅ አሻራ ይይዛል። የሙዚቃ ሣጥኑ ሲሊንደር ግን ድምፁ እንዴት ይሰማ ዘንድ እንደታዘዘ የሚናገር ጽሑፍ ነው። በተውኔት ቋንቋ ብንናገር፣ ቃለ ተውኔቱና ተዋናዩ በአንድ አካል ውስጥ ተሰፍተዋል።

ስለሆነም እነዚህ መሣሪያዎች ምስክሮች ናቸው። አንግራሜል የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ በኦርጋን በርሜል ላይ እሾህ እንዴት እንደሚተከል ሲያስተምር፣ እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጮህና ከዚያ በኋላ ምን ያህል ዝም እንደሚል ለክቶ ጽፏል። በኖታ ላይ የማይጻፈው የጨዋታ ወዝ፣ ማለትም የድምፁ መቆረጥ፣ ማስጌጫው፣ የትንፋሹ ቦታ፣ በእሾህ ሆኖ በእንጨት ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ሃይድን በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ባገለገለበት ዘመን የዚያው ቤት የመጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፕሪሚቲቩስ ኒሜትስ የሃይድንን ዜማዎች የሚጫወቱ ባለ ዋሽንት ሰዓቶችን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1792 እና በ1793 የተሠሩት እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ጸሐፊው ሃይድንን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የተከለውን እሾህ ስናደምጥ፣ የሃይድን ዘመን ጆሮ ምን ይወድ እንደነበር ከማንም አስተማሪ ሳንሰማ እናውቃለን። ሞዛርትም እ.ኤ.አ. በ1790 እና በ1791 ለመካኒካዊ ኦርጋን ቁራጮችን ደርሷል፤ ሥራው እንዳሰለቸው ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ቢያማርርም ቁራጮቹ ታላላቅ ናቸው። ዛሬ የምንሰማቸው በአብዛኛው በሰው እጅ በሚጫወት ኦርጋን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የዜማው አጠቃላይ ፍጥነት በማራገቢያዋ አቀማመጥና በሞላው ጤንነት ላይ ስለሚመሠረት የማያከራክር ማስረጃ አይሆንም። በድምፅና በድምፅ መካከል ያለው ዝምድና ግን በእሾሆቹ ቦታ የጸና ነው። ቪዲዮውን የሚያሰናዳው ሰው «ጥቂት ላጣራው፣ ይህን ሲጢጥታ ልሰርዘው» ሲል የሚነካው ይህንን ዝምድና ነው። ምስክር ቃሉን ሲሰጥ እየጣፈጠ እንዲናገር ማረም ምን ይባላል?

ባለፈው ክረምት በአዲስ አበባ በአንድ የቆየ ቤት የሚገኝ የሴንት ክርዋ ሣጥን እንድንቀርጽ ተጠይቀን ነበር። ባለቤቷ ከአባታቸው የወረሷት አዛውንት ሲሆኑ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ልጆቻቸው በኢንተርኔት ሊያዩዋት ፈልገዋል። ሣጥኗ ስድስት ዜማ ትጫወታለች፤ ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ ለመዞር አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ካሜራው አልነበረም። ክረምት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ውሻው ይነሣል፤ ውሻው ሲተኛ የማቀዝቀዣው ሞተር ያጉረመርማል። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን ነቅለን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጀመርን።

ብርሃኑ የተገኘው በቤቱ ባለ ነገር ነው። የተወለወለ ናስና ብረት መስተዋት ነው፤ መብራት በቀጥታ ቢያርፍበት የሚታየው ሚዶው ሳይሆን የመብራቱ ነጸብራቅ ይሆናል። ነጭ ነጠላ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረን መብራቱን ከኋላው አቆምን፤ ብርሃኑ እንደ ማለዳ ሰማይ ለስልሶ ወረደ፤ እያንዳንዱም ጥርስ ከጎረቤቱ ተለይቶ ታየ። ከካሜራው በኩል ጥቁር ጨርቅ ጋረድን፤ አለበለዚያ ተመልካቹ በናሱ ላይ የሚያየው የቀራጩን ፊት ነው። ሲሊንደሩን ከአቧራ የሚጠብቀው የውስጥ መስተዋት ክዳን ለቀረጻው ጊዜ ብቻ ተነሣ።

ካሜራው የተቀመጠው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ፣ ከሚዶው ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። እንዲህ በቅርብ ሲቀረጽ ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የጣት ውፍረት የማይሞላ ቦታ ነው፤ ካሜራው ጥቂት ቢያዘነብል ግማሹ ሚዶ ጠርቶ ግማሹ ጉም ይለብሳል። የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ይረዳል፤ ብርሃን ግን ይበላል። ትኩረቱ በእጅ ተስተካክሎ መቆለፍ አለበት። ካሜራው በራሱ እንዲፈልግ ከተተወ የሚንቀሳቀሰውን ሲሊንደር እያሳደደ በዜማው መካከል ያንቀላፋል፣ ይነቃል። እኛ ዘንድ የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ 50 ዙር በመሆኑ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የእያንዳንዱም ፍሬም የብርሃን ጊዜ የሴኮንድ 1/50 ሲሆን ሥዕሉ አይንቀጠቀጥም። ሞገዱ 60 ዙር በሆነባት በአሜሪካ ቁጥሩ 30 እና 1/60 ይሆናል። የብርሃን ጊዜውን ከዚህ በጣም ማሳጠር ሌላ ጣጣ አለው፤ ማራገቢያዋ በዓይን እንደምናያት የጭስ ክብ መሆኗ ይቀርና አንዳንዴ የቆመች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ የምትዞር ትመስላለች። ማራገቢያዋ የሣጥኗ ትንፋሽ ናት፤ ትንፋሹ የቆመ ተዋናይ ሲዘፍን ማየት ደግሞ ያስደነግጣል።

ሦስተኛው ዜማ ላይ ስንደርስ ሁለት ጥርሶች ማፈኛቸውን በማጣታቸው ሲጢጥ ይሉ ጀመር።

«እማማ፣ ይህን አንድ ጊዜ ደግመን እንቅዳው?» አልን።

«ተው ልጄ፣ ደክማለች። ይቺ ዜማ ላይ ደግሞ ድሮም ታነክሳለች። እሷን ባታሳያት ምን አለበት?»

«ስታነክስም ብትታይ ይሻላል፤ እርስዎ የሚያውቋት እንዲያው ናት።»

ዝም አሉ። ቀረጻው ሳይደገም እንደ ሆነው ቀረ። ሥራው ከተላከ በኋላ ከልጆቻቸው አንዱ፣ ለእናቱ ደስ እንዲላት በማሰብ፣ የዚያኑ ዜማ ንጹሕ ቅጂ ከሌላ ቦታ አምጥቶ በሥዕሉ ላይ ለጠፈና መልሶ ላከላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያ «ይቺ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ልጁም የተለጠፈውን አንሥቶ ዋናውን መለሰ።

ስለ ድምፅ ሲነገር፣ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ካሜራው ወይም ስልኩ ያለ ጠያቂ ከሚሰጠው እርዳታ ነው። በራሱ የሚሠራው የድምፅ ማስተካከያ ዜማው ሲደክም ድምፁን ከፍ፣ ሲበረታ ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት በሁለት ድምፆች መካከል የማራገቢያዋ ሹክሹክታ እንደ ንፋስ ይነሣል። ጩኸት አጣሪ የተባለው ደግሞ የድምፁን ጅራት ጩኸት መስሎት ይቆርጠዋል። ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። ድምፁ በተለየ መቅጃ፣ በሴኮንድ በ48 ሺህ ናሙናና በ24 ቢት፣ ከፍተኛው ጣሪያ ሳይነካ ቢቀዳ መልካም ነው። ከመጀመሩ በፊት በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ሥዕልና ድምፅን በኋላ ለማጋጠም ይበቃል። ማይክሮፎኑ ከሣጥኗ ፊት ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከማራገቢያዋ ጥግ ግን ይሸሻል። ሣጥኗም በምንጣፍ ላይ ሳይሆን በጥሩ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባት፤ ጠረጴዛው እንደ በገና ገበታ አብሮ ይዘምራልና።

በትልልቆቹ መሣሪያዎች ዘንድ ችግሩ ርቀት ነው። ጋቪዮሊ የተባለው የፓሪስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1892 በታጠፈ ካርቶን መጽሐፍ የሚመራ ኦርጋን ባለመብትነት ካስመዘገበ ወዲህ የአደባባይ ኦርጋኖች ረዣዥም ዜማዎችን መጫወት ቻሉ። ወናፋቸው ትልቅ፣ ድምፃቸው ጎዳና የሚሞላ ነው። ቀራጩም ከሕዝቡ ጋር ርቆ ይቆማል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ የሴኮንድ ሦስት ሺኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በ17 ሜትር ርቀት ሲቆጠር ከአንድ ፍሬም ይበልጣል ማለት ነው። ከኦርጋኑ ፊት ያለው አሻንጉሊት ከበሮውን መቶ ካበቃ በኋላ ምቱ ይሰማል። ዓይን ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ቅር ይለዋል። መፍትሔው ማይክሮፎኑን ማቅረብ ነው፤ ሆኖም እጅግ ቢቀርብ የቧንቧዎቹ ስምምነት ይፈርስና አንዱ ወገን ብቻ ይጮኻል።

ከሁሉ ይልቅ ለካሜራ የተፈጠረ የሚመስለው በላይፕሲጉ ሁፕፌልድ ድርጅት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1910 በብራስልስ የዓለም ትርኢት የቀረበው ባለ ቫዮሊን ማሽን ነው። ሦስት ቫዮሊኖች ቆመው በዙሪያቸው የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ክብ ደጋን ይሽከረከራል። መሰንቆ ያየ ሰው ደጋኑ ወደ ክሩ ሲመጣ ያውቃል፤ እዚህ ግን ቫዮሊኑ ራሱ ወደ ደጋኑ ዘንበል ይላል። ይህን ለማሳየት ሙሉው ቁመና በአንድ ዕይታ መያዝ አለበት። ወደ ክሩ ብቻ የተጠጋ ካሜራ ያን ዘንበል ማለት ይጥለዋል፤ የማሽኑም ልብ ያለው እዚያ ነው። በተጨማሪም የስልክ ካሜራ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ የሚርገበገብ ክር እንደ እባብ ሲጥመለመል ያሳያል፤ ይህን አይተው የክሩ ጠባይ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው።

ጥሩ ሥራ የለም ማለታችን አይደለም። ስዊድናዊው ማርቲን ሞሊን እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት ሺህ የብረት ብይ የሚጫወት የራሱን የእንጨት ማሽን በቪዲዮ አሳይቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች አግኝቷል። በኋላም በዩትሬክት ከተማ ከሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተቀመጠው የስፔልክሎክ ሙዚየም ጋር ሆኖ የሙዚየሙን መሣሪያዎች የሚያስተዋውቁ ተከታታይ ቪዲዮዎችን ሠርቷል። በእነዚያ ውስጥ መሣሪያው ይከፈታል፤ ወናፉ፣ ዘንጉ፣ የተበሳው ካርቶን በየተራ ይታያሉ፤ ከዚያ ሙዚቃው ሲመጣ ተመልካቹ የሚሰማው ያየውን ነው። ይህ ጸሐፊ በአንዳንዶቹ ውስጥ ንግግሩ ዜማውን ይጫነዋል ብሎ ያስባል፤ ለመምህራን ግን የሚመከሩ ናቸው።

አዝጋሚ ሥዕልም ቦታው ከታወቀ ይጠቅማል። በሴኮንድ 100 ወይም 120 ፍሬም ተቀርጾ በዝግታ ሲታይ እሾሁ ጥርሱን ሲያነሣና ሲለቀው በግልጽ ይታያል። ነገር ግን ከዜማው በኋላ፣ በራሱ ዝምታ ይቅረብ እንጂ በዜማው መካከል አይሰካ፤ ተውኔት እየተካሄደ የመጋረጃውን ገመድ የሚያሳይ አዘጋጅ የለም።

ዜማውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ መታየት አለበት። የሙዚቃ ሣጥን በዜማ መካከል አይቆምም፤ ቢቆም እሾሆቹ ጥርሶቹን እንዳነሡ ስለሚቀሩ ለጉዳት ያጋልጠዋል። መሣሪያው ራሱ የማይወደውን መቁረጥ ካሜራው ሊያደርገው አይገባም። መቅጃው መዘውሩ ከመነካቱ አሥር ሴኮንድ ቀድሞ ይከፈት፤ የማራገቢያዋ የመጀመሪያ ትንፋሽ ይሰማ። የመጨረሻው ድምፅ ከጠፋና ማቆሚያው ቀጭ ብሎ ከገባ በኋላም የክፍሉ ዝምታ ጥቂት ይቀዳ።

ኢንተርኔት የሚያሳየው ቅጂ ደግሞ ዋናው አይደለም። የቪዲዮ አገልግሎቶች ሁሉ የተላከላቸውን መልሰው ይጨምቃሉ፤ በሚጨመቅበት ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የሚዶው ጫፍ ጥራትና የከፍተኛ ድምፆች ብሩህነት ነው። ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሳይነካ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ። ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ መሣሪያው የት እንደተሠራ የሚታወቅ ከሆነ እርሱ፣ ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ ለመዞር ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት፣ የተሰበሩና ማፈኛ ያጡ ጥርሶች ስንተኞቹ እንደሆኑ፣ ድምፁም ያልተነካ መሆኑ። የአዛውንቷ ሣጥን መግለጫ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ አራተኛው የሁለቱን ጥርሶች ቁጥር ይናገራል።